ባሕሩ የተወው ዳርቻ፦ የዳናኪል የኮራል አለቶችና የባሕር ቅሪተ አካላት

በአፋር ክልል ሰሜናዊ ክፍል፣ ከቀይ ባሕር በተራራ ሰንሰለት ተለይቶ፣ አንድ ጥንታዊ የባሕር ዳርቻ ይገኛል። ማዕበል ከመታው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል። ይሁን እንጂ ከኮራሎቹ ብዙዎቹ በበቀሉበት ቦታ እንደቆሙ፣ ዛጎሎቹም በተቀበሩበት አሸዋ ውስጥ እንዳሉ ናቸው። በዳናኪል ዝቅተኛ ስፍራ ጠርዝ የሚታዩት እነዚህ አለቶች፣ የባሕርን ወለል በእግር ረግጦ ለመመልከት የሚያስችሉ የአገራችን ብርቅ ሥፍራዎች ናቸው።

ይህ መረጃ የተዘጋጀው ወደ አካባቢው ለጉብኝት፣ ለትምህርታዊ ጉዞ ወይም ለሥራ የሚሄዱ ዜጎች በዳርቻው ላይ ምን እንደሚያዩ፣ ያዩትን እንዴት እንደሚረዱና ከምን መቆጠብ እንዳለባቸው ለማስገንዘብ ነው። አብዛኛው ጎብኚ የዳሎልን ቀለማትና የኤርታሌን እሳተ ገሞራ ተመልክቶ ይመለሳል። በመንገዱ ዳር ያለው ግራጫ አለት የአንድ ባሕር ቅሪት መሆኑን የሚነግረው ሰው እምብዛም አያገኝም። ከአለቱ ላይ ዛጎል አንሥቶ ወደ ኪሱ የሚከትም አለ። ይህን የሚያደርገው በአብዛኛው በክፉ ልብ ሳይሆን የሚያደርሰውን ጉዳት ካለማወቅ ነው፤ ስለ ጉዳዩ ከዚህ በታች በስፋት ተገልጿል።

ስፍራው

የዳናኪል ዝቅተኛ ስፍራ በኢትዮጵያና በኤርትራ የተዘረጋ ሲሆን፣ በምዕራብ የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ግርጌ፣ በምሥራቅ ደግሞ የዳናኪል ተራሮች ያዋስኑታል። ወለሉ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ብዙ ጊዜ ከአፍሪካ ሁሉ ዝቅተኛው ቦታ ተብሎ ሲጠቀስ ይሰማል፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። የአፍሪካ ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የጅቡቲው አሳል ሐይቅ ነው። የእኛው የጨው ሐይቅ አሳሌ ተብሎ ስለሚጠራ የስሙ መመሳሰል ለስሕተቱ አስተዋፅኦ ሳያደርግ አልቀረም።

መሬቱ ይህን ያህል የሰመጠበት ምክንያት ከአፋር አጠቃላይ አቀማመጥ ጋር የተያያዘ ነው። አፋር ሦስት ታላላቅ የመሬት ቅርፊት ክፋዮች፣ ማለትም የኑብያ፣ የሶማሊያና የዐረብ ክፋዮች፣ እርስ በርስ የሚራራቁበት መገናኛ ነው። ቅርፊቱ ሲለጠጥ ይሳሳል፤ ሲሳሳም ይሰምጣል፤ በስንጥቆቹም በኩል ቅልጥ አለት ወደ ላይ ይወጣል። የዓለም አቀፉ የጂኦሎጂ ሳይንሶች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ባደረገው የመጀመሪያዎቹ 100 የጂኦሎጂ ቅርስ ሥፍራዎች ዝርዝር ውስጥ ዳናኪልን ከነእሳተ ገሞራዎቹ ያካተተውም በዚሁ ልዩ ባሕርዩ ነው።

ባሕሩ እንዴት ገባ፣ እንዴትስ ተለየ

የባሕር ጠለል በየዘመኑ ከፍና ዝቅ ይላል። በበረዶ ዘመን ከፍተኛ መጠን ያለው ውኃ በምድር ዋልታዎችና በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በበረዶ መልክ ስለሚታቀብ ባሕር ይጎድላል፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ይሞላል። ከዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ሞቃት ዘመን የዓለም ባሕር ጠለል ከዛሬው ከ6 እስከ 9 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነበር። በዚያን ጊዜ የቀይ ባሕር ውኃ በሰሜን በኩል፣ ዛሬ በኤርትራ ከሚገኘው የዙላ ባሕረ ሰላጤ አቅጣጫ፣ ወደ ዳናኪል ገብቶ ስፍራውን ረዥም የባሕር ክንድ አድርጎት ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎም፣ ከ200,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ተመሳሳይ ሁኔታ መከሰቱን በዳርቻው ላይ የሚገኙት የቀደመው ዘመን ኮራሎች ያሳያሉ። ስለዚህ ጎብኚው የሚያየው የአንድ ወቅት ዳርቻ ሳይሆን፣ ባሕሩ ተመላልሶ የጎበኘውን ዳርቻ ነው።

ባሕሩን ከስፍራው የለዩት ሁለት ነገሮች ናቸው። በአንድ በኩል ቀጣዩ የበረዶ ዘመን ሲገባ የባሕር ጠለል ዝቅ አለ፤ ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት በነበረው የበረዶ ዘመን ጣሪያ ላይ ከዛሬው በ120 ሜትር ያህል ጎድሎ ነበር። በሌላ በኩል በመግቢያው አካባቢ መሬቱ በእሳተ ገሞራና በቅርፊት እንቅስቃሴ ከፍ አለ። ከቀይ ባሕር የተቆረጠው ውኃ በበረሃው ፀሐይ ተነነ። ዛሬ ባሕሩ እንደገና ቢሞላም ወደ ዳናኪል አልተመለሰም፤ የስፍራው ወለል ከባሕር ጠለል በታች ሆኖ ሳለ በደረቁ የሚኖረው በመካከል ያለው ከፍታ ስለሚያግድለት ብቻ ነው።

በአለቱ ላይ ምን ይታያል

በብዙዎች ዘንድ ኮራል እንደ ድንጋይ ወይም እንደ ባሕር ተክል ይታሰባል። ኮራል እንስሳ ነው። እያንዳንዱ ኮራል እጅግ ጥቃቅን የሆኑ፣ ለስላሳ አካል ያላቸው ፍጥረታት በማኅበር የሚኖሩበት ቤት ሲሆን፣ ፍጥረታቱ ከባሕሩ ውኃ ካልሲየም እየወሰዱ የኖራ ድንጋይ አጽም ይሠራሉ። አሮጌው ሲሞት አዲሱ በላዩ ላይ ይሠራል። ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደራረብ ቆይቶ ግንብ የሚያህል አለት ይፈጠራል።

አለት የሚሠሩት ኮራሎች በሰውነታቸው ውስጥ በዐይን የማይታዩ አልጌዎችን ያኖራሉ። አልጌዎቹ ምግብ የሚያዘጋጁት በፀሐይ ብርሃን ስለሆነ፣ ኮራሉም ብርሃን በሚደርስበት ጥልቀት በሌለው፣ በጠራና በሞቀ የባሕር ውኃ ውስጥ ብቻ ይለመልማል። ጎርፍ ጭቃ በሚያወርድበት ቦታ ይታፈናል፤ በሐይቅ ውኃ ፈጽሞ አይኖርም። ስለዚህ በዳናኪል ጠርዝ የቆመ አንድ ኮራል ብቻውን ብዙ ነገር ይመሰክራል፦ እዚህ ቦታ ባሕር ነበር፤ ውኃው ሞቃትና ጥሩ ነበር፤ የውኃው ፊትም ከዚህ አለት ብዙ አይርቅም ነበር።

ኮራልን ከሌላ ድንጋይ ለመለየት ላዩን በቅርበት መመልከት ይበቃል። እንደ እንጀራ ዐይን የተቦረቦረ ነው። ነገር ግን በአፋር እንዲህ የተቦረቦረ ድንጋይ ሁሉ ኮራል ስላልሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ባዛልትም ውስጡ በነበረው ጋዝ ምክንያት ይቦረቦራል። የባዛልቱ ቀዳዳዎች መጠናቸው የተለያየ፣ አቀማመጣቸው የተዘበራረቀ፣ ውስጣቸውም ባዶ ነው። የኮራሉ ዐይኖች ግን እርስ በርሳቸው ተመሳሳይና ሥርዐት ያላቸው ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥም ከመሐል ወደ ዳር እንደ ጋሪ ጎማ ሽቦ የተዘረጉ ስስ ግድግዳዎች ይታያሉ። ይህን የኮከብ ቅርጽ ያየ ሰው ኮራል ማየቱን ሊጠራጠር አይገባም።

ከኮራሎቹ አንዳንዶቹ እንደ ድፎ ዳቦ ድቡልቡል፣ ሌሎቹ ደግሞ እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ያላቸው ናቸው። ድቡልቡሎቹ በዝግታ ያድጋሉ፤ በዓመት የሚጨምሩት ቁመት በአብዛኛው ከ1 ወይም ከ2 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። በመሆኑም ወገብ የሚደርስ አንድ ድቡልቡል ኮራል ከአንድ የሰው ዕድሜ ያላነሰ ጊዜ የወሰደ ሥራ ሊሆን ይችላል። በውስጡም እንደ ዛፍ ግንድ የዓመት ቀለበት ያለ የእድገት ምልክት ስለሚይዝ፣ ተመራማሪዎች የጥንቱን ባሕር ሙቀትና የወቅቶች መፈራረቅ ከዚያ ያነብባሉ።

ከኮራሎቹ መካከልና ሥር ሌሎች ነዋሪዎችም ይገኛሉ። ዛጎልን ከአንቀልባ ጌጥነቱ ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚህ ብዙ ዓይነቱን ያያል፦ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች፣ የተጠማዘዙ የባሕር ቀንድ አውጣዎች፣ ክብና ነጠብጣብ ያለው የባሕር ጃርት ቅርፊት። የባሕር ጃርት እንደ ኮራል ሁሉ ከባሕር ውጭ የማይኖር ፍጥረት ስለሆነ ምስክርነቱ እኩል ነው። በአንዳንድ አለት ላይም ጣት የሚያስገቡ ለስላሳ ጉድጓዶች ይታያሉ፤ እነዚህን የቦረቦሩት ድንጋይ ውስጥ ገብተው የሚኖሩ ዛጎሎችና ትሎች ናቸው። በጥንት ዳርቻ ጥናት ውስጥ እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች የውኃውን ከፍታ ለማወቅ ከሚያገለግሉ ምልክቶች ይቆጠራሉ።

አቀማመጡም እንደ ፍጥረቱ ዓይነት ሁሉ ይናገራል። ኮራሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ የኖረው በዚያው ቦታ ነው፤ ተገልብጦና ጠርዙ ተድበልብሎ ከተገኘ ማዕበል ነቅሎት አንከባሎታል። ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ሁለቱም ክዳኖቹ እንደተገጠሙ ከተገኘ በሕይወት ሳለ ወይም ወዲያው ከሞተ በኋላ በአሸዋ ተቀብሯል፤ ክዳኖቹ ተለያይተው ከተበተኑ ግን ውኃ ሲያመላልሳቸው ቆይቷል። በአንድ ሜትር አለት ላይ ጸጥ ያለውን ባሕርና የተቆጣውን ባሕር ለይቶ ማየት የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።

ሁሉም ዛጎል የባሕር አይደለም

በአፋር ምድር ዛጎል የተገኘበት ቦታ ሁሉ ባሕር ነበር ማለት አይደለም። ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ዝናባማ ዘመን የአፋርን ሐይቆች እጅግ አስፍቷቸው ነበር። ለአብነት የአቤ ሐይቅ ዛሬ ካለበት ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኝ ነበር። ሐይቆቹ ሲሸሹም የራሳቸውን ዛጎልና ነጭ ደለል በዳርቻቸው ትተው ሄደዋል። የሐይቅ ዛጎሎች ብዙውን ጊዜ ትንንሽና ስስ ናቸው፤ ዓይነታቸውም ጥቂት ነው። አስተማማኙ መለያ ግን አብሮ የሚገኘው ነገር ነው፦ ኮራል ወይም የባሕር ጃርት ካለ ባሕር ነበር። እነዚህ ከሌሉ ከመፍረድ በፊት ባለሙያ መጠየቅ ይሻላል።

ከኮራል ወደ ጨው

ከዳርቻው ወደ መሐል ሜዳ የሚወርድ ሰው የባሕሩን አሟሟት ደረጃ በደረጃ ያልፋል። በጠርዙ ኮራል፣ ከዚያ ነጭ ጂፕሰም፣ ከዚያም ጨው ያገኛል። ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። የባሕር ውኃ ሲተን የሟሟው ማዕድን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይዘቅጥም። በመጀመሪያ የኖራ ዓይነት ማዕድን፣ ቀጥሎ ጀሶ የሚሠራበት ጂፕሰም፣ ውኃው ከመጀመሪያው መጠን ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ደግሞ የምንበላው ጨው ይዘቅጣል። በመጨረሻ የሚቀረው ለማዳበሪያ የሚፈለገው ፖታሽ ነው፤ የዳሎል አካባቢ በፖታሽ ክምችቱ የሚታወቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

የጨው ክምችቱ ውፍረት በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ነው። አንድ ሺህ ሜትር ጥልቀት ያለው የባሕር ውኃ ሙሉ በሙሉ ቢተን የሚተወው ጨው 20 ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ጨው ሊከማች የቻለው የባሕር ውኃ ለረዥም ዘመን እየገባና እየተነነ ስለኖረ ነው።

የአሳሌ ጨው ቆራጮች በመጥረቢያና በዘንግ ከወለሉ ፈንቅለው በአራት ማዕዘን የሚያስተካክሉት ጨው ይኸው የባሕር ቅሪት ነው። በግመል ቅፍለት ወደ በራሕሌና ወደ መቀሌ ሲጓዝ የኖረው፣ በአገራችንም እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በገንዘብነት ያገለገለው አሞሌ መነሻው እዚህ ነው። ጎብኚዎች ጨው ቆራጮችን ፎቶግራፍ ከማንሣታቸው በፊት ፈቃድ ሊጠይቁ ይገባል፤ ስፍራው በቅድሚያ የሥራ ቦታ ነው።

ሰው በባሕሩ ዳር

ዳርቻው ለሰው ልጅ ታሪክ ያለው ትርጉም በጎረቤት አገር ኤርትራ በተገኘ ማስረጃ ጎልቶ ታይቷል። ጥንታዊው የአዱሊስ ወደብ በነበረበት በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ አብዱር በተባለ ቦታ፣ 125,000 ዓመት ገደማ ባስቆጠረ የኮራል አለት ውስጥ በሰው እጅ የተሠሩ የባልጩትና የሌላ ድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲታተም፣ የጥንት ሰዎች በባሕር ዳር እንደኖሩና ከባሕር ምግብ ሳይጠቀሙ እንዳልቀሩ ከሚያመለክቱ ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ሆኖ ተቀምጧል።

መሣሪያዎቹን ያን ያህል ዋጋ የሰጣቸው የድንጋዩ ዓይነት አይደለም። ተመሳሳይ የባልጩት መሣሪያ በአፋር ሜዳ በብዙ ቦታ ወድቆ ይገኛል። ዋጋቸው የመጣው ኮራሉ በሕይወት ሳለ በውስጡ ተይዘው በመገኘታቸው ነው። የኮራሉ ዕድሜ በላቦራቶሪ ሊለካ ስለሚችል የመሣሪያዎቹም ዕድሜ ታወቀ። አንድ ሰው ቀደም ብሎ አልፎ ከአለቱ ፈልቅቆ ወስዷቸው ቢሆን ኖሮ፣ በእጁ የሚቀረው ዘመኑ የማይታወቅ ስባሪ ድንጋይ ብቻ ነበር።

ዛጎል ከቦታው ሲነሣ ምን ይጠፋል

በዳናኪል ዳርቻም ነገሩ ያው ነው። ዛጎሉ የሚናገረው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲገኙ ነው፦ ፍጥረቱ ራሱ፣ የተገኘበት ከፍታ፣ እንዲሁም ከጎኑ፣ ከበላዩና ከበታቹ ያለው ነገር። ከእነዚህ ሁለቱ ከቦታው ጋር የተሳሰሩ ናቸው፤ ወደ ኪስ አይገቡም። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ባለ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ የዳናኪል ዛጎል ውበቱ ቢኖርም ምስክርነቱን አጥቷል።

ከፍታው በተለይ ሊጤን ይገባዋል። የጥንቱ ባሕር ፊት የት ላይ እንደነበረ ይታወቃል፤ ኮራሉ ዛሬ ያለበት ከፍታም ይለካል። የሁለቱ ልዩነት መሬቱ በዚያ ዘመን ውስጥ ምን ያህል እንደተነሣ ወይም እንደሰመጠ ያስረዳል። አፋር የመሬት መንቀጥቀጥና እሳተ ገሞራ የሚደጋገምበት፣ ሕዝብ የሚኖርበት፣ መንገድና ፋብሪካ የሚሠራበት ክልል ነው። የመሬቱን የረዥም ጊዜ ጠባይ ማወቅ ከጉብኝት ያለፈ ጥቅም አለው፤ ለዚህ ዕውቀት ደግሞ የኮራል ዳርቻው እንደ ተተከለ የመለኪያ ዘንግ ያገለግላል።

በየዓመቱ የሚያልፈው እያንዳንዱ ጎብኚ አንድ አንድ ዛጎል ብቻ ቢወስድ በዐይን የሚታየው የአለቱ ፊት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይራቆታል። ከዚህ የከፋው መኪናን በአለቱ ላይ መንዳት ነው፤ ጎማ የሚፈጨው ለዘመናት ከፀሐይና ከነፋስ ተርፎ የቆየውን ስስ ቅርንጫፍ ነው። በመንገድ ዳር ዛጎል ወይም ኮራል ለሽያጭ የሚያቀርቡ ልጆች ሲያጋጥሙም መግዛት ተጨማሪ መነቀልን ያበረታታል። ለልጆቹ መርዳት የሚፈልግ ጎብኚ የአካባቢውን አስጎብኚ ወይም የእጅ ሥራ ውጤት በመምረጥ ሊያግዝ ይችላል።

የጉዞ ዝግጅትና ጥንቃቄ

ዳሎል በዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ ከዓለም በጣም ሞቃት ከሆኑ ቦታዎች የሚመደብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተወሰደው መዝገብ አማካዩ ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። ለጉብኝት የሚመረጠው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በዚህም ወቅት ቢሆን በአለቱ ላይ የሚደረገው የእግር ጉዞ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ መሆን ይኖርበታል። ዝቅ ብሎ የሚመጣው የማለዳ ብርሃን የኮራሉን ዐይኖች ጥላ ስለሚያሳይ ለማየትም ሆነ ፎቶግራፍ ለማንሣት የተሻለ ነው።

ወደ ስፍራው በብዛት የሚኬደው ከመቀሌ በበራሕሌ በኩል ወደ ሐመድ ኤላ ወይም ከሰመራ በአፍዴራ በኩል ነው። ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ወቅታዊውን የጸጥታና የመንገድ ሁኔታ ከክልሉ ባሕልና ቱሪዝም ቢሮና ከአካባቢው አስተዳደር ማረጋገጥ ግዴታ መሆኑን እናሳስባለን። ያለ አፋር አስጎብኚ መጓዝ አይገባም። ይህ ለወጉ የሚባል አይደለም። የጨው ቅርፊቱ በአንዳንድ ቦታ ስስ ሆኖ ከሥሩ ወፍራም የጨው ውኃ አለ፤ ሰውም መኪናም ሊይዝ ይችላል፤ የትኛው ቦታ እንደሚሸከም የሚያውቁት በዚያ የኖሩት ሰዎች ናቸው። በዳሎል ያሉት ባለ ቀለም ኩሬዎች ከፍተኛ አሲድነት ስላላቸው እጅ አይነከርባቸውም፤ ልጆችም ብቻቸውን ሊቀርቧቸው አይገባም።

የኮራል አለት ጠርዙ ስለት ነው። ሶሉ ወፍራም የሆነ የተዘጋ ጫማ ያስፈልጋል። ውኃ ከሚገመተው በላይ ይያዝ። መዶሻና መሮ መያዝ አያስፈልግም፤ አጉሊ መነጽር፣ ማስታወሻ ደብተርና ካሜራ ይበቃሉ።

ትምህርት ቤቶች የቡድን ጉዞ ሲያዘጋጁ የተማሪዎቹን ቁጥርና የጉዞውን ዓላማ ጠቅሰው ለክልሉ ቢሮ አስቀድመው በደብዳቤ ቢያሳውቁ መስተንግዶው ይቀላጠፋል።

ዳናኪል ለራቃቸው

የዳናኪል ጉዞ ለሁሉም የሚመች አይደለም። የባሕር ቅሪት ግን በሌሎችም የአገራችን ክፍሎች ይገኛል፤ ዕድሜው በጣም የራቀ ቢሆንም። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት፣ ጁራሲክ በሚባለው ዘመን፣ ከደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ የገባ ባሕር የአገሪቱን ሰፊ ክፍል ሸፍኖ ነበር። ያ ባሕር የተወው የኖራ ድንጋይ በትግራይ ባለችው በሕንጣሎ ስም ይጠራል።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቅርቡ የዓባይ ሸለቆ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ መንገደኛውን በዘመናት ውስጥ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ከላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ባዛልት፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ዛጎል የያዘው የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጂፕሰም፣ ወደ ወንዙ ሲቃረብም ጥንታዊው የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። መንገዱ ጠመዝማዛና ከባድ ተሽከርካሪ የሚበዛበት ስለሆነ በመታጠፊያ ላይ መቆም የተከለከለ አድርገው ይውሰዱት፤ አለቱን ሰፋ ባለና ከትራፊክ ነጻ በሆነ ቦታ ብቻ ይመልከቱ። በባሌ የዋይብ ወንዝ ሰንጥቆት የሚያልፈው የሶፍ ዑመር ዋሻም የተፈለፈለው በዚሁ ዘመን የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። የሙገርና የመሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ጥሬ ዕቃም የዚያው ባሕር ውጤት በመሆኑ፣ በከተማ ቤት የሚኖር ብዙ ሰው በግድግዳው ውስጥ የባሕር ቅሪት አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሕያው ኮራል ማየት የሚፈልግ ደግሞ ከጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ያገኘዋል። የጅቡቲ ከተማ የቀድሞ ሠፈሮች ራሳቸው የቆሙት ከባሕር ከፍ ባለ ጥንታዊ የኮራል አለት ላይ ነው፤ ወደ ወደቡ የሚመላለሱ አሽከርካሪዎቻችን ሳያውቁት በየጊዜው ይረግጡታል።

ቅሪተ አካል ሲያጋጥም

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅሪተ አካላት የሚገኙባቸውን ሥፍራዎች በቅርስነት ያካትታል። ቅርስን ለመፈለግ፣ ለመቆፈርና ለማጥናት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ማንኛውም ሰው በአጋጣሚ ቅርስ ሲያገኝ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለበት።

በዳርቻው ላይ ያልተለመደ ነገር፣ በተለይም አጥንት፣ ጥርስ ወይም በሰው እጅ የተጠረበ የሚመስል ድንጋይ፣ ያየ ሰው ሳያነሣና ሳይጠርግ እንዳለ ይተወው። ከጎኑ እስክሪብቶ ወይም ሳንቲም አስቀምጦ መጠኑን በሚያሳይ መልኩ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ዙሪያውን የሚያሳይ ሁለተኛ ፎቶግራፍም ይጨምር። በስልኩ የቦታውን አቅጣጫ ጠቋሚ ቁጥር ይመዝግብ። ይህን ይዞ ለወረዳው ወይም ለክልሉ ባሕልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አለበለዚያ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቅ። የቦታውን መገኛ በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን ማሰራጨት፣ ባለሙያ ከመድረሱ በፊት ሌሎች እንዲደርሱበት ስለሚያደርግ፣ ከዚያ መቆጠብ ያስፈልጋል።

በመንገድ፣ በጨው፣ በማዕድን ወይም በግንባታ ሥራ ላይ እያሉ ቅሪተ አካል ያጋጠማቸው ተቋራጮችና ሠራተኞች በዚያ ነጥብ ላይ ሥራውን ገታ አድርገው ወዲያውኑ ማሳወቅ አለባቸው። ለምርምር ናሙና መውሰድ የሚፈልጉ መምህራንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ማመልከቻቸውን ወደ መስክ ከመውጣታቸው አስቀድመው ለባለሥልጣኑ ያቀርባሉ።

ከዚህ ቀደም ከዳናኪል ዛጎል ወይም ኮራል ወስዶ በቤቱ ያስቀመጠ ሰውም ለባለሥልጣኑ ሊያስረክብ ይችላል። በሚያስረክብበት ጊዜ የተወሰደበትን ቦታ፣ ወቅቱንና ከተቻለ በዚያን ጊዜ የተነሣ ፎቶግራፍ አብሮ ቢያቀርብ፣ ለባለሙያዎች ከዛጎሉ ይልቅ የሚጠቅመው ያ መረጃ ነው።